ጭሱን እያዩ እሳቱን መጠበቅ

«ቢላ መጨረሻ ይሁን» የሚለው ምክር አብዛኛውን ጊዜ ያስኬዳል። ለወገብ ሕመም ያስኬዳል፣ ለጉልበትም ያስኬዳል፤ ስንቱ ሰው ሳይቀደድ በእንክብልና በእንቅስቃሴ ድኗል። ነገሩ ወደ ራስ ሲመጣ ግን ምክር መሆኑ ይቀርና ሕግ ይሆናል። «ጭንቅላቱ ከተነካ ወዲያ ሰው አይሆንም» ይባልና ወሬው በዚያው ይዘጋል። ይህን የሚለው በሽተኛ ሊጠይቅ የመጣ ዘመድ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ጽሑፍ ባልጻፍኩም ነበር። ነጭ ጋዋን የለበሰም ይለዋል፤ አነጋገሩ ብቻ ይለያል፦ «ለጊዜው መድኃኒት እንጀምርና እንከታተል፤ ከባሰ ቀዶ ሕክምና አለ።» እኔ የምለው፣ ይህ ቅደም ተከተል ጨርሶ የተገለበጠበት አንድ በሽታ አለ ነው። በዚህ በሽታ ቢላ መጨረሻ ላይ ሲመጣ የሚያድነው ነገር ቆሞ አይጠብቀውም።

በሽታው ሞያሞያ ይባላል። ከእኛ «ሞያ» ጋር የድምፅ እንጂ ሌላ ዝምድና የለውም፤ ቃሉ ጃፓንኛ ነው፣ እንደ ሲጋራ ጭስ ብዥ ብሎ የሚንሳፈፍ ነገር ማለት ነው። በ1957 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ታኬኡቺና ሺሚዙ የተባሉ ጃፓናውያን ሐኪሞች ስለ በሽታው ለመጀመሪያ ጊዜ ጻፉ፤ በ1969 ደግሞ ሰንዳይ ከተማ ባለው ቶሆኩ ዩኒቨርሲቲ ይሠሩ የነበሩት ጂሮ ሱዙኪና ባልደረባቸው ታካኩ ስሙን ለዓለም አስተዋወቁ። በአንገታችን ግራና ቀኝ ወደ አንጎል ሽቅብ የሚወጡ ሁለት ትልልቅ ደም ወሳጅ ቧንቧዎች አሉ፤ ውስጠኛው ካሮቲድ ይባላሉ። በዚህ በሽታ የቧንቧዎቹ ጫፍ፣ ልክ የራስ ቅል ውስጥ ገብተው ቅርንጫፍ በሚያወጡበት ቦታ ላይ፣ ግድግዳው ከውስጥ እየወፈረ ይጠባል፤ ብዙውን ጊዜ በሁለቱም ጎን። ደም ያነሰው አንጎል ዝም ብሎ አይሞትም። ከሥሩ ያሉት የፀጉር ያህል ቀጫጭን ደም ሥሮች ይለጠጣሉ፣ ይበዛሉ፣ የሚችሉትን ያህል ደም ያሻግራሉ። በአንጂዮግራፊ (የደም ሥር ምርመራ) ፊልም ላይ እንደ ጭስ የሚታዩት እነሱ ናቸው። ጭሱ እንግዲህ በሽታው ራሱ አይደለም፤ አካል ራሱን ለማዳን የሚያደርገው መፍጨርጨር ነው።

በሽታው ብርቅ ነው። በጃፓን በ2003 በተደረገ ቆጠራ ከመቶ ሺህ ሰው ስድስት ያህሉ ጋ ተገኝቷል፤ በምዕራብ አሜሪካ በተደረገ ቆጠራ በዓመት አዲስ የሚገኘው ከሚሊዮን ሰው አንድ እንኳ አይሞላም። በ2011 ከበሽታው ጋር በጥብቅ የተያያዘ አርኤንኤፍ213 የተባለ ዘረ መል ተለይቷል፤ በምሥራቅ እስያ ለምን እንደሚበዛ በከፊል የሚያስረዳው እሱ ነው። ነገር ግን በሽታው የእስያውያን ብቻ አይደለም። የማጭድ ቅርጽ የደም ማነስ፣ ዳውን ሲንድሮም ያለባቸው፣ ወይም በልጅነታቸው ራሳቸው ላይ የጨረር ሕክምና የተደረገላቸው ልጆችን በማንኛውም አገር ሊይዛቸው ይችላል።

የጃፓን ሐኪሞች ስለዚህ በሽታ ሲያስተምሩ የሚያነሱት አንድ ነገር አለ። ልጁ ትኩስ የኑድል ሾርባ ይቀርብለታል። እንዲበርድለት እፍ ይላል፤ ደጋግሞ እፍ ይላል። ድንገት ቀኝ እጁ ይዝላል፣ የያዘው መብያ ከጣቶቹ መሃል ይወድቃል፣ ምላሱ ይተሳሰራል። ጥቂት ደቂቃ ሳይቆይ ሁሉም ይመለስና ልጁ መብላቱን ይቀጥላል። ሃርሞኒካ ሲነፋም ይህ ይደርሳል፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ አምርሮ ሲያለቅስ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። አየር በብዛት ስናስወጣ ደማችን ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይቀንሳል፤ እሱ ሲቀንስ የአንጎል ደም ሥሮች ይኮማተራሉ። ጤነኛ ሰው ቢበዛ ትንሽ ያዞረዋል። በተቆጠረ ደም የሚኖር አንጎል ግን ያችኑ የተቆጠረችውን ያጣል። በእኛ ቤት ቢሆን ከሰል ሲያቀጣጥል፣ ፊኛ ሲነፋ፣ ዋሽንት ሲለማመድ የሚደርሰው ይኸው ነው።

ቤተሰብ ይህን ሲያይ ቅብጠት ነው ይላል፣ ዓይን ነው ይላል፤ ጤና ጣቢያ ሲደርስ የሚጥል በሽታ ነው ሊባል ይችላል። ለሚጥል በሽታ ተብሎ የሚደረገው የአንጎል ሞገድ ምርመራ ልጁን ለደቂቃዎች በኃይል እንዲተነፍስ ይጠይቀዋል። ሞያሞያ ላለበት ልጅ ይህ ራሱ አደጋ ነው። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው የተባለው ለዚህ ዓይነቱ ነው፤ እጁ በተመለሰ ቁጥር ሁሉም ሰው እፎይ ይላል፣ እፎይታው ደግሞ ወራት ያስበላል።

እንግዲህ ወደ ክርክሬ ልምጣ። ምልክት ያሳየ ልጅ ሞያሞያ እንዳለበት በአንጂዮግራፊ ከተረጋገጠ በኋላ «እንጠብቅ» ማለት ጥንቃቄ አይደለም። በሽታው ምልክት ካሳየ በኋላ ሳይታከም ሲቀር በአምስት ዓመት ውስጥ እስከ ሁለት ሦስተኛ የሚደርሱት ሕሙማን እየባሰባቸው እንደሚሄድ ይገመታል። አራት ዓመት ያልሞላቸው ሕፃናት ላይ ደግሞ ይፈጥናል። የልጁን የወደፊት ዕጣ ከዕድሜው ይልቅ የሚወስነው ሕክምናው በተጀመረበት ቀን አንጎሉ የነበረበት ሁኔታ ነው። በደህና አንጎል ወደ ቀዶ ሕክምና የገባ ልጅ በደህና አንጎል የመኖር ተስፋው ትልቅ ነው። በሁለት ስትሮክ የተመታ አንጎል ይዞ የገባ ልጅ ሦስተኛው ይቀርለት ይሆናል፤ የሞተውን የሚያስነሳለት ቀዶ ሐኪም ግን የለም። «ከባሰ በኋላ» ማለት ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ነው።

«መድኃኒት እንጀምር» የሚለውስ? መድኃኒቱ አስፒሪን ነው። አስፒሪን በጠበበው ቦታ ላይ ደም እንዳይረጋ ያግዛል፤ ብዙ ሐኪሞች ከቀዶ ሕክምናው በፊትም በኋላም ይሰጡታል፣ በዚህ ጠብ የለኝም። ጠቤ እንደ ሕክምና ሲቆጠር ነው። የቧንቧውን መጥበብ የሚያቆም ወይም የሚመልስ መድኃኒት እስከ ዛሬ አልተገኘም። ቧንቧው እየጠበበ ይሄዳል፣ እንክብሉም በየጧቱ ይዋጣል፤ ሁለቱ አይተዋወቁም። ወላጅ ግን እጁ ላይ የመድኃኒት ብልቃጥ ስላለ ልጁ የታከመ ይመስለዋል።

አሁን ስለሚፈራው ነገር ልናገር። «ራስ ይከፈታል» ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው የተቆረጠ አንጎል ነው። አንባቢ ሆይ፣ ጣትዎን ከጆሮዎ ፊት ለፊት፣ ከጉንጭ አጥንት በላይ ያሳርፉ። የሚመታ ነገር አለ። የራስ ቆዳን የሚቀልብ ደም ወሳጅ ቧንቧ ነው፤ የሚመነጨው ከውጨኛው ካሮቲድ ነው፣ ሞያሞያ ደግሞ ውጨኛውን አብዛኛውን ጊዜ አይነካውም። ለልጆች በብዛት የሚደረገው ቀዶ ሕክምና ይህን ቧንቧ ይፈልጋል። ሐኪሙ መንገዱን በድምፅ ሞገድ መሣሪያ ተከትሎ በእስክሪብቶ ቆዳው ላይ ያሰምረዋል። በማይክሮስኮፕ እያየ ቆዳውን በመስመሩ ላይ ይከፍትና ቧንቧውን በዙሪያው ካለው ስስ ሥጋ ጋር ነፃ ያወጣዋል፤ አይቆርጠውም፣ ደሙ መፍሰሱን አያቋርጥም። ከሥሩ ያለውን ጡንቻ ይከፍላል፣ ከራስ ቅሉ እንደ ትንሽ መስኮት አጥንት ያነሣል፣ የአንጎሉን ሽፋኖች ይከፍታል። ከዚያ ሲመታ የቆየውን ቧንቧ በአንጎሉ ገጽ ላይ ያስተኛዋል፤ ከፀጉር በቀጠነ ክር ከስሱ ሽፋን ጋር ያያይዘዋል። አጥንቱ ይመለሳል፣ ቆዳው ይሰፋል። አንጎሉ ራሱ አልተቆረጠም። ይህን ዓይነቱን ዘዴ በ1980ዎቹ መባቻ ላይ ያስተዋወቁት ጃፓናዊው ዩታካ ማትሱሺማ ናቸው፤ ቧንቧውን ከስሱ ሽፋን ጋር መስፋትን ደግሞ በቦስተን የልጆች ሆስፒታል ማይክል ስኮት አሳደጉት።

ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ሳስበው ሁልጊዜ ያስደንቀኛል። ከተኛው ቧንቧ ወደ አንጎሉ አዳዲስ ጥቃቅን ደም ሥሮች በሳምንታትና በወራት ውስጥ ይበቅላሉ። ማንም አይሰፋቸውም፤ የተራበው አንጎል ራሱ ነው የሚጠራቸው። ከወራት በኋላ ፊልሙ ሲነሣ የአንጎሉ ገጽ በአዲስ ደም ሥር ተሸፍኖ፣ ያ የጥንቱ ጭስ ደግሞ ሥራው ቀሎለት እየሳሳ ይታያል። ሱዙኪ በሽታውን በስድስት ደረጃ ከፍለውት ነበር። በመጨረሻዎቹ ደረጃዎች ውስጠኛው ካሮቲድ ከፊልሙ ላይ ይጠፋል፤ አንጎሉም በውጨኛው ካሮቲድ እርዳታ ይኖራል። አካል ራሱ ወዴት መሄድ እንደሚፈልግ እያሳየ ነው ማለት ነው፤ ከውስጠኛው ወደ ውጨኛው። የሚቸግረው አዝጋሚነቱ ነው፤ መንገድ ላይ ሳለ ስትሮክ ይቀድመዋል። ቀዶ ሕክምናው ከተፈጥሮ ጋር አይጣላም፤ የጀመረችውን በጊዜ ያደርስላታል።

ይህን ለማድረስ ያልተሞከረ ነገር የለም። የማኘኪያ ጡንቻ በአንጎል ላይ ተነጥፏል። የሆድ ሞራ ሳይቀር፤ አባቶቻችን ገልጠው መጪውን ያነቡበት የነበረው ሞራ ዓይነቱ በሰውም ሆድ ውስጥ አለ፣ ደም ሥር የማብቀል ችሎታው ስለታወቀ ጃፓናውያን ቀዶ ሐኪሞች በታመመ አንጎል ላይ አስተኝተውታል። ዛሬም ሌላው መንገድ ሲያልቅ የሚያስታውሱት አሉ።

ከሁሉ የሚከብደኝ ተከራካሪ ጥናት ጠቅሶ የሚመጣው ነው። «ባይፓስ በትልቅ ጥናት ተፈትኖ ወድቋል» ይላል። እውነት ነው፣ ተፈትኗል። በ1985 ውጤቱ የወጣው ጥናት 1377 ሕሙማንን ይዞ የራስ ቆዳን ቧንቧ ከአንጎል ቧንቧ ጋር መስፋት (ባይፓስ የሚባለው ይህ ነው) ስትሮክን እንደማይቀንስ አሳየ። በ2011 የወጣው ሌላ ጥናትም 195 ሰዎችን መርምሮ ጥቅም ስላላየ ከጊዜው በፊት ቆመ። እነዚያ ሕሙማን እነማን ነበሩ? ዕድሜ፣ ሲጋራ፣ ስኳር፣ ደም ግፊት ቧንቧቸውን በስብና በካልሲየም ያደደረባቸው አዋቂዎች ናቸው። ሞያሞያ የስብ በሽታ አይደለም፤ የስድስት ዓመት ልጅ ቧንቧ ውስጥ የተጋገረ ስብ የለም። በስብ የተደፈነ ቧንቧ ሌላ ነው፣ ግድግዳው ራሱ ወደ ውስጥ እያደገ የሚዘጋ ቧንቧ ሌላ ነው። የአንዱን ፍርድ ለሌላው ማንበብ ጨው የጣሉበትን ወጥ ቀምሶ ያልቀመሱትን ድስት መኮነን ነው። ይህ ስህተት በጽሑፍ ላይ ቢቀር ባልተቆጣሁ፤ በምርመራ ክፍል ውስጥ «ቀዶ ሕክምና እንደማይጠቅም ተረጋግጧል» ተብሎ ለእናት ሲነገር ግን ልጅ ያስከፍላል።

«ሳይከፈት በካቴተር ይሠራል አሉ፤ በልብ እንደሚደረገው ስቴንት ይገባለታል» የሚሉም አሉ። ተሞክሯል። በፊኛ ተነፍቶ፣ በስቴንት ተይዞ የተከፈተው የሞያሞያ ቧንቧ ተመልሶ ጠብቧል፤ ከሥሩ ያለው በሽታ እንደቀጠለ ነውና። ለልብ ያገለገለ ሁሉ ለአንጎል አያገለግልም።

በልጆች ላይ ዕጣ እየተጣለ ግማሹ ተቀድዶ ግማሹ የተተወበት ጥናት የለም፤ ይህን እቀበላለሁ። ያለው ምንድን ነው? ስኮት በ2004 ያሳተሙት የ143 ልጆች መዝገብ አለ። በመጀመሪያዎቹ 30 ቀናት ውስጥ 11 ስትሮክ ደርሷል። ትንሽ ቁጥር አይደለም፤ ወላጅ ሳይደበቅ ሊነገረው ይገባል። ከአንድ ዓመት በላይ ከተከታተሏቸው 126 ልጆች መካከል ግን በቀጣዮቹ ዓመታት ስትሮክ የመታቸው አራት ናቸው። እነዚህ ልጆች አብዛኞቹ ከቀዶ ሕክምናው በፊት አንድ ጊዜ ቢያንስ ስትሮክ መቷቸው የመጡ ነበሩ። በ2005 የ1448 ልጆችን ውጤት ከተለያዩ ጽሑፎች የሰበሰበ ግምገማ፣ ውጤታቸው ከተመዘገበው መካከል 87 በመቶ የሚሆኑት ምልክታቸው ጠፍቷል ወይም ቀንሷል ይላል። የአሜሪካ የልብ ማኅበርም በ2008 ባወጣው የልጆች ስትሮክ መመሪያ ለሞያሞያ ደም መልሶ የማድረስ ቀዶ ሕክምናን ደግፏል።

በአዋቂዎች ላይ ዕጣ የተጣለበት ጥናት አለ። በሽታው አዋቂ ላይ ሲሆን፣ በተለይ በጃፓን፣ ያ የተለጠጠ ጭስ ፈንድቶ ደም ይፈሳል። ጃፓናውያን ደም የፈሰሳቸውን 80 አዋቂዎች ለሁለት ከፍለው ለዓመታት ተከታተሉ፤ ውጤቱ በ2014 ታተመ። ባይፓስ ከተደረገላቸው 42 ሰዎች ስድስቱ፣ ካልተደረገላቸው 38 ደግሞ 13ቱ እንደገና ደም መፍሰስ ወይም ሌላ ከባድ አደጋ ደረሰባቸው። በቁጥር ሳይንስ ሚዛን ልዩነቱ ለጥቂት ያለፈ ነው፤ ሰዎቹም ጥቂት ናቸው። እንዲህ ባለ ብርቅ በሽታ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ እስኪመጣ ልጠብቅ የሚል ሰው ግን የሚጠብቀው በሌላ ሰው አንጎል ነው።

በሐኪሞች መካከልም አንድ ክርክር አለ፤ እኔ ከብዙኃኑ ድምፅ እለያለሁ። የቧንቧውን ጫፍ ቆርጦ አንድ ሚሊ ሜትር ከሚያህል የአንጎል ቧንቧ ጋር በቀጥታ መስፋት እንደ እውነተኛው ቀዶ ሕክምና ይታያል፤ ቧንቧውን አስተኝቶ መጠበቅ ደግሞ እንደ ምትክ። ቀጥተኛውን ስፌት ማህሙት ጋዚ ያሳርጊል በ1967 ዙሪክ ላይ ሲያደርጉት ዓለምን ያስደነቀ ሥራ ነበር፣ ዛሬም ነው፤ ደሙ በዚያው ሰዓት ያልፋልና ለአዋቂ ይመረጣል። የትንሽ ልጅ ቧንቧ ግን ለስፌት እጅግ ይቀጥናል፤ የልጅ አንጎል ደግሞ ደም ሥር በማብቀል ከአዋቂው ይበረታል። ያ የ2005 ግምገማ በልጆቹ የምልክት ውጤት ላይ በሁለቱ መካከል ጉልህ ልዩነት አላገኘም። ለትንሽ ልጅ ቀላሉ ዘዴ የድሃ ዘዴ አይደለም።

ይህ ነገር ለእኛ ትርጉም አለው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአንጎል ቀዶ ሐኪሞችን ማሠልጠን ከተጀመረበት ከ2006 ወዲህ አገራችን የራሷ ባለሙያዎች አሏት። ምጡቁን ስፌት የሚችል እስኪገኝ ተብሎ ልጅ ቤቱ የሚቀመጥበት ምክንያት የለም። ከእጅ ጥበቡ እኩል የሚያስፈልገው የሰመመንና የጥበቃ ዲሲፕሊን ነው፤ ልጁ ውሃ እንዳያጥረው፣ ግፊቱ እንዳይወርድ፣ ሲነቃ ሕመሙ ታግሶለት እንዳያለቅስ። ከቀዶ ሕክምናው ማግስት ያለ ልቅሶ ራሱ ስትሮክ ሊያመጣ ይችላልና የሕመም ማስታገሻው የሕክምናው አካል ነው።

ለሁሉም ሰው ቢላ ይምጣ አላልኩም። በአጋጣሚ በሌላ ምርመራ የተገኘበት፣ አንድም ምልክት የሌለው አዋቂ በቅርብ ክትትል ቢቆይ ሚዛናዊ ነው፤ የዓመት አደጋው ዝቅተኛ ነው። ይህን በሽታ በዓመት አንዴ የሚያይ ሐኪም ከሚያደርገው ይልቅ ደጋግሞ የሚያየው ቢያደርገው እንደሚሻልም አልክድም። ክርክሬ ምልክት ያሳየውን ልጅ በሚመለከት ነው፤ እዚያ ላይ ወደ ኋላ አልልም። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለእሱ ነው።

ስለዚህ ወላጅ ሆይ፣ ልጅዎ ሲያለቅስ ወይም እፍ ሲል እጁ ከዛለ፣ አፉ ከተኮላተፈ፣ ቢመለስም እንኳ ዕለቱን ጽፈው ይያዙ። ሐኪሙን «የአንጎሉ ደም ሥሮች በኤምአርአይ ታይተዋል ወይ?» ብለው ይጠይቁ። ሞያሞያ ነው ከተባሉ «ምን እንክብል አለ?» ከማለትዎ በፊት «ቀዶ ሕክምናው መቼ ነው?» ይበሉ። ቀኑ እስኪደርስ ድረስ ውሃ በደንብ ያጠጡት፤ አያስለቅሱት።